በካርታው ላይ የቀላ ቦታ ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የለቀቀ ነው?

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርታ በወጣ ቁጥር «ይሄ የቀላው አገር ነው የለቀቀው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የግድ አይደለም። ካርታው በቀይ የሚያሳየው ጋዙ አሁን የት በብዛት እንዳለ ነው፤ ከየት እንደተነሳ አይናገርም።

ለምሳሌ ከምሥራቅ እስያ የወጣ ጋዝ በነፋስ ተገፍቶ የፓስፊክን ውቅያኖስ በቀናት ውስጥ ሊያቋርጥ ይችላል። ወደ ደቡብ ንፍቀ ክበብ በደንብ ለመዳረስ ግን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ፋብሪካ በሌለበት በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲለካ መጠኑ ከዓመት ዓመት የጨመረው ጋዙ ከሌላ ቦታ በነፋስ ስለሚደርስ ነው።

ምንጩን ለማወቅ ተመራማሪዎች ልኬቱን ከነፋስ መረጃ ጋር አገናኝተው መንገዱን ወደኋላ ይከተላሉ። ጋዙ ዓለምን መዞሩ እርግጥ ነው። የየቦታው መጠን ግን እንደ ነፋሱና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ የሰሜኑ ዕፅዋት ሲለመልሙ ጋዙን ስለሚስቡት ይቀንሳል።