የስፖርት መኪና ጋቢና ለበጎ አድራጎት፦ ትራክ ላይ የሚሰጠው ዙር እንዴት ይሠራል?

ሰውየው ይከፍላል። ሄልሜት ያጠልቃል። ፌራሪ ወይም ፖርሽ ጋቢና ገብቶ ቀበቶውን ያስራል፤ የመኪና ውድድር ትራኩን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ይወርዳል። የከፈለው ገንዘብ ለሆስፒታል፣ ለካንሰር ምርምር ወይም ለታመሙ ልጆች ይሄዳል። ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው። አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይ እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ዝግጅት ሆኗል። ደሴም ኮምቦልቻም የውድድር ትራክ የላቸውም። መኪና የሚወድ ወጣት ግን ሞልቷል፤ ለተቸገረ እጁን የሚዘረጋ ሕዝብም አለ። ስለዚህ አሠራሩን ከነዝርዝሩ ብናውቀው ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

መኪኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የግለሰቦች ናቸው። ባለቤቶቹ በክለብ የተደራጁ የመኪና ወዳጆች ሲሆኑ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የፍሬን ሸራውን ከራሳቸው ኪስ ይችላሉ። ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም፤ መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበቃው መኪና ትራክ ላይ ከእጥፍ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ትራኩን ባለቤቱ አንዳንዴ በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጣል። አንዳንዴ ደግሞ ክለቡ ለአባላቱ መንጃ ብሎ የተከራየው ቀን ላይ የምሳ ሰዓቷን ለተሳፋሪዎች ይለቃል። ሹፌሩ ደመወዝ የለውም። ባንዲራ የሚያውለበልበው፣ ሄልሜት የሚያድለው፣ ወረፋ የሚያስይዘው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። ተሳፋሪው የከፈለው ብዙም ሳይሸራረፍ ለታሰበለት ሰው የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሄንን ከንግድ ዙር ጋር ማምታታት አይገባም። ጀርመን ያለው የኑርበርግሪንግ ሰሜናዊ ትራክ 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከ70 በላይ ኩርባ አለው፤ ጫካ ለጫካ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። እዚያ ለዓመታት «የሪንግ ታክሲ» የሚባል አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈችው ሳቢነ ሽሚትዝ በቢኤምደብሊው ተሳፋሪ እያሳፈረች ስሟ የገነነው በዚሁ ነው። ግሩም ሥራ ነበር፤ ገቢው ግን የድርጅት ገቢ ነው። በጎ አድራጎቱ ዙር ላይ የሚለየው ነገር ሒሳቡ ነው። ስንት ተሰበሰበ፣ ለማን ተሰጠ የሚለው በግልጽ ካልተነገረ ዝግጅቱ መዝናኛ እንጂ በጎ አድራጎት ሊባል አይችልም።

ከሁሉም የኔን ልብ የሚገዛው የፈረንሳዩ ዝግጅት ነው። «ስፖር ኤ ኮሌክስዮን» ይባላል፤ መጠሪያውን የሚያጅበው መፈክር ደግሞ «500 ፌራሪ በካንሰር ላይ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለቪዣን በምትባል ትንሽ የገጠር ቀበሌ በሚገኘው የቫል ደ ቪየን ትራክ ላይ ይካሄዳል። ባለ ፌራሪዎቹ ከየአገሩ መጥተው ሕዝቡን ያሳፍራሉ። ገንዘቡ እዚያው ክፍለ ሀገር፣ ፖቲዬ ከተማ ላለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ምርምር ይውላል። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል። ከፋዩ ሆስፒታሉን ያውቀዋል፤ ዘመዱ ታክሞበታል፤ እሱም ነገ ሊታከምበት ይችላል። የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ብርና ደጃፍህ ላይ መሣሪያ ሆኖ የምታየው ብር እኩል አያሰጡም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተ «ስፖርቲንግ ቤርስ» የሚባል የመኪና ክለብ አለ። የነሱ አሠራር ለየት ይላል። የመኪና ኤግዚቢሽን ሲኖር አባላቱ መኪኖቻቸውን ይደረድራሉ፤ ጎብኚው የወደደውን መርጦ ገንዘቡን ይሰጥና ይሳፈራል። ዙሩ ትራክ ላይ ሳይሆን መደበኛ መንገድ ላይ፣ በሕጉ ፍጥነት ነው። ገቢው ለሕጻናት ድጋፍ ድርጅቶች ነው። ሰው ለ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብቻ እንደማይከፍል ከዚህ ይታያል። ሕልም ሆኖበት የኖረ መኪና ውስጥ መቀመጡ፣ ድምፁን መስማቱ፣ ከባለቤቱ ጋር ማውራቱ ራሱ ያረካዋል።

ማይክ ኒውማንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በልጅነቱ የዓይን ብርሃኑን ያጣ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዮርክሸር ውስጥ ኤልቪንግተን በሚባል የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ኒሳን ጂቲአር እየነዳ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ በመሄድ የዓይነ ስውራን ሹፌሮች ክብረ ወሰን ሰብሯል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት «ስፒድ ኦፍ ሳይት» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ዓይነ ስውራንንና አካል ጉዳተኞችን ትራክ ላይ ያመጣል። መኪኖቹ ድርብ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ እንደ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና አሠልጣኙ ጎን ተቀምጦ ፍሬን ሊይዝ፣ መሪ ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ ተሳፋሪ ብቻ ሆኖ የሚቀር የለም፤ ራሱ ይነዳል። ከሁሉም ዓይነት ይሄኛውን አስበልጣለሁ።

ዝግጅቱ ቀን ምን ይመስላል? ጠዋት ምዝገባ አለ። ተሳፋሪው አደጋ ሊኖር እንደሚችል ተረድቻለሁ የሚል ወረቀት ይፈርማል፤ ለልጅ ወላጅ ይፈርማል። እጁ ላይ የወረቀት አምባር ይታሰርለታል። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ሽፍን ጫማ ይጠየቃል፤ በነጠላ ጫማ ወይም በታኮ መግባት የለም። ሄልሜቱ በልኩ ይመረጣል። ልጆች ላይ የዕድሜና የቁመት ገደብ አለ፤ ምክንያቱም ቀበቶው አንገት ላይ ከዋለ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ክፍት ጣሪያ ያለው መኪና ሲገለበጥ ጭንቅላት የሚያድን የብረት ቅስት ከሌለው ብዙ ቦታ አይፈቀድለትም። እንግሊዝ ውስጥ የመኪናው ድምፅ ሳይቀር ይለካል፤ ጎረቤት ያለው ትራክ ከተወሰነ ድምፅ በላይ የሚጮህ መኪና አያስገባም።

ከዚያ ሹፌሮች ተሰብስበው ገለጻ ይሰጣቸዋል። ባንዲራዎቹን ሁሉም ማወቅ አለበት። ቢጫ ሲውለበለብ ፊት ለፊት አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው። ሰማያዊ፣ ከኋላህ ፈጣን መኪና አለ ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ መግቢያው ይመለሳል። ጥቁር የታየበት ሹፌር ወጥቶ ይጠየቃል። መቅደም የሚቻለው ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም የፊተኛው እጁን አውጥቶ እለፍ ሲል። ውድድር የለም፣ ሰዓትም አይያዝም። ሰዓት ከተያዘ ሹፌሩ ጋቢና ያለውን ሰው ይረሳል።

የመጨረሻው ዙር ማቀዝቀዣ ነው። ፍሬኑ ግሏል፣ ስለዚህ ሹፌሩ ፍሬን ሳያበዛ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከቆመ በኋላም የእጅ ፍሬን አይስብም፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ሊጣበቅ ይችላልና ማርሽ ውስጥ ከትቶት ይወርዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን የሸተታቸው የሲኖትራክና የአይሱዙ ሹፌሮች ይሄን ከማንም በላይ ይረዱታል። የፍሬን ዘይት ከመጠን በላይ ሲግል ይፈላል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ መኪናው አይቆምም። ጥሩ አዘጋጅ ለዚህ ነው አንዱን መኪና ያለ ዕረፍት ተሳፋሪ የማያስጭነው።

ተሳፋሪው የሚሰማው ነገር ከጠበቀው ይለያል። ሰው የሚፈራው ፍጥነቱን ነው፤ የሚያስደነግጠው ግን ፍሬኑ ነው። እንደ ፖርሽ 911 ጂቲ3 ያለ 510 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ከዜሮ ወደ 100 ለመድረስ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል። ከ100 ወደ ዜሮ ለመቆም ደግሞ ወደ 35 ሜትር ገደማ፣ ከዚያም ባነሰ። ጥሩ ጎማ ያለው የስፖርት መኪና ኩርባ ላይ የሚፈጥረው ግፊት የመሬት ስበትን ያህል ስለሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 60 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ጎን ይገፋል። አንገት ይደክማል። ሆድ ከሞላ ደግሞ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ቀለል ያለ ነገር በልቶ መግባት፣ ዓይንን ከፊት መንገዱ ላይ አለማንሳት ይመከራል። ጎበዝ ሹፌር ጉዞ ሳይጀምር «እጅህን ከፍ ካደረግክ እቆማለሁ» ይላል። ሲነሳለትም ያለ ጥያቄ ይቆማል።

ከሚከፍሉት ሌላ በነጻ የሚጋበዙ አሉ። ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል የተኙ ልጆች፣ ወንድም እህቶቻቸው፣ የሚያስታምሙ እናቶች። ለነዚህ ቀኑ ገቢ ማሰባሰቢያ አይደለም፣ የዕረፍት ቀን ነው። ካንሰር የሚታከም ልጅ የሰውነት መከላከያው ሊዳከም ስለሚችል የሐኪሙ ፈቃድ ግድ ነው፤ ሄልሜቱም መጽዳት አለበት። እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ። የታመመ ልጅ ፎቶ የገንዘብ መለመኛ መሆን የለበትም። ልጁ ለመደሰት ነው የመጣው። ፎቶውን ቤተሰቡ ያንሳው፣ ቤተሰቡ ያስቀምጠው።

አደጋ የለም ብሎ መዋሸት ደግሞ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ማልታ ውስጥ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ የመኪና ትርኢት ላይ ፖርሽ 918 ስፓይደር ከሹፌሩ ቁጥጥር ውጭ ሆኖ ተመልካቹ ውስጥ ገባ። ከ20 በላይ ሰዎች ተጎዱ። መኪናው ከ880 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ሰዉ ግን ከመንገዱ ጥቂት ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። እውነተኛ ትራክ ከመንገድ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ከኩርባው ውጭ መኪና ስቶ የሚቆምበት ሰፊ ጠጠር ሜዳ አለው፣ የጎማ ግድግዳ አለው፣ ተመልካቹ ከአጥር ኋላ ነው፣ አምቡላንስና እሳት አጥፊ ሞተራቸውን አስነስተው ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው ሐረጎ ለመኪና ወዳጅ ያጓጓል፤ ኩርባው፣ ቁልቁለቱ፣ ቁልቁል የሚታየው አገር። ማታ ማታ እዚያ ፍጥነት የሚሞክሩ ልጆች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሐረጎ የሰው መንገድ ነው። የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣበታል፣ ሚኒባስ ሰው ሞልቶ ይወርድበታል፣ እረኛ በጎቹን ያሻግርበታል፣ ጉም ሲወርድ ፊት ያለው አይታይም። «ለበጎ አድራጎት ነው» የሚል ባነር ስለተሰቀለ መንገዱ ትራክ አይሆንም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይሻለዋል። ቱርቦ ያለው ያን ያህል አይጎዳም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከፍታ አያውቅም፤ ፖርሽ ታይካን ተርቦ ኤስ ባሕር ዳርቻም ደሴ ጦሳ ተራራ ሥርም ከ3 ሰከንድ ባነሰ 100 ይገባል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ አገራችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ወደፊት ትራክ ቢሠራ እንኳ የሚዞርበት መኪና ድምፅ አልባው ሊሆን ይችላል።

ትራክ እስኪኖር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለብንም። ሲልቨርስቶንና ጉድውድ ሁለቱም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ሜዳዎች ነበሩ፤ ውድድር የተጀመረባቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ግን በሥራ ላይ ስለሆነ እሱን መመኘት አያዋጣም። የሚያዋጣው የስፖርቲንግ ቤርስ መንገድ ነው፤ ሳይፈጥኑ ማሳፈር። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሰፊና አጥር ያለው ግቢ አላት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ባዶ ነው። ፌራሪ ባይኖርም በጥንቃቄ የተያዘ ቮልስ አለ፣ ሰይጨንቶ አለ፣ አሮጌ ላንድሮቨር አለ። ልጅ ሆኖ ቮልስ ጋቢና መቀመጥ ያልተመኘ ማን አለ?

ብሩን ማን ይያዝ ለሚለው ወሎ መልስ አለው፤ ቅሬ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ አብሮ የሚያዋጣበት ማኅበር ሒሳብ መያዝ ያውቃል፣ ሰውም ያምነዋል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር ከቅርብም ከሩቅም ሰው እጁን ዘርግቷል። በቴሌብር የገባውም በእጅ የተሰጠውም ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ የተገዛው ዕቃ ሆስፒታሉ ሲረከበው ለሕዝብ ይነበብ።

ለሚያስብበት ሰው ቅደም ተከተሉን ልንገር። መጀመሪያ ሆስፒታሉን አነጋግሩ፤ የጎደለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ቀጥሎ ግቢው ባለቤት፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ። ኢንሹራንስ ላይ የሦስተኛ ወገን ሽፋን አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ለዕለቱ ዝግጅት የሚሆን ውል በጽሑፍ ይኑራችሁ። መኪኖቹን ከሳምንት በፊት ሜካኒክ ይያቸው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቀበቶ። አሮጌ ቮልስ የኋላ ቀበቶ ላይኖረው ስለሚችል ልጅ ጋቢና ብቻ፣ ያውም በልኩ በተስተካከለ መቀመጫና ቀበቶ። ፍጥነቱ ከ20 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ቀኑን ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ውስጥ ምረጡት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም።