የወጣት ተጫዋቾች ውሰትና ማስፈረም፦ ከጎንደር ሲታይ

ውሰት አንድ ክለብ ውል ያለውን ተጫዋች ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ክለብ አሳልፎ የሚሰጥበት የዝውውር ዓይነት ነው። ዋናው ውል ከባለቤት ክለቡ ጋር ሳይፈርስ ይቆያል፤ ልምምዱ፣ ጨዋታውና ማሊያው ግን የተዋሹ ክለብ ይሆናሉ። በውሰት የሚሄዱት በአብዛኛው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ ባለቤት ክለባቸው ተስፋ የጣለባቸው ነገር ግን ቋሚ የመሰለፍ ዕድል ያልሰጣቸው ልጆች ናቸው። ጊዜው ሲያልቅ ተዋሹ ክለብ መወሰን አለበት፦ ልጁን ገንዘብ አውጥቶ ማስፈረም ያዋጣል ወይስ አመስግኖ መመለስ?

ጎንደር ውስጥ ጥያቄው በሁለት በኩል ይነሳል። አንደኛው የአውሮፓ ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች ነው፤ እዚያ የአርሴናልና የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ የክለቡ የሒሳብ ሹም እስኪመስል ድረስ ይከራከራል። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ነው። ፋሲል ከነማ ማንን ያስፈርማል፣ ማንን ይለቃል የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሲዘዋወር ይከርማል። በአማርኛ ስለ ውሰት የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው የዕለት የዝውውር ዜና ስለሆነ፣ እዚህ አሠራሩና ከከተማዋ ክለብ ታሪክ ጋር ያለው ግንኙነት በአንድነት ቀርቧል።

ደንቡ

ዓለም አቀፉ መሠረት የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ነው። ደንቡ ለረጅም ጊዜ የውሰትን ብዛት አይገድብም ነበር። ትላልቅ ክለቦች በዚህ ክፍተት ወጣቶችን በጅምላ እየሰበሰቡ ወዲያና ወዲህ ይልኩ ነበር፤ ቼልሲ በአንዳንድ ዓመታት ከ30 በላይ ተጫዋቾቹን በውሰት በትኖ ነበር፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የኔዘርላንዱን ቪተስ ማሊያ ለብሰዋል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን ለመግታት የመጣ ነው። በአገሮች መካከል በሚደረግ ውሰት አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዓመት የሚያውሰውም የሚዋሰውም ቁጥር መጀመሪያ በ8 ተወሰነ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 7፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6 ወረደ። አንድ ክለብ ለአንድ ሌላ ክለብ በአንድ ጊዜ ከ3 በላይ ተጫዋች ማዋስ አይፈቀድለትም። የአንድ ውሰት ጊዜ ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ የተዋሰውን ተጫዋች መልሶ ለሦስተኛ ክለብ ማዋስም ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የቁጥር ገደቡ ዕድሜያቸው እስከ 21 ዓመት ሆኖ ክለቡ ራሱ ያሠለጠናቸውን ተጫዋቾች አይመለከትም። ስለዚህ በውሰት የሚንቀሳቀሱት ታዳጊዎች ገበያ አሁንም ክፍት ነው። ለአገር ውስጥ ውሰት የየአገሩ ፌዴሬሽን በ3 ዓመት ውስጥ የራሱን ተመሳሳይ ደንብ እንዲያወጣ ታዝዞ ነበር።

በውሰት ውል ላይ በብዛት የሚገቡት አንቀጾች የመግዛት አማራጭ፣ የመግዛት ግዴታ፣ ባለቤት ክለቡ ልጁን በጥር የሚመልስበት መብትና የደመወዝ ክፍፍል ናቸው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተዋሰ ተጫዋች በባለቤት ክለቡ ላይ አይሰለፍም። በአውሮፓ ውድድሮች ግን እንዲህ ያለው ክልከላ አይጸናም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የቼልሲው ግብ ጠባቂ ቲቦ ኩርቱዋ ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተሰልፎ ቼልሲን ከሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ያስወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የውጭ ተሞክሮ

የማስፈረሙን ጥያቄ በቁጥር ብቻ ለሚመልስ ሰው ሦስት ተጫዋቾች ሦስት የተለያዩ መልሶች ይሰጡታል።

ሮሜሉ ሉካኩ ከቼልሲ ወደ ዌስት ብሮም እ.ኤ.አ. በ2012 ሄዶ በሊጉ 17 ጎል አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት ለኤቨርተን ተዋሰ፣ እዚያም 15 አገባ፤ ኤቨርተን በ2014 ክረምት 28 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ አስፈረመው። ይህ ለተዋሽ ክለብ የቀለለ ውሳኔ ነው፦ ጎሉ ይታያል፣ ልጁም ከቡድኑ ጋር ተላምዷል።

ማርቲን ኦዴጋርድ በተቃራኒው ነው። በሪያል ማድሪድ ሥር ሆኖ በሄረንፌን፣ በቪተስና በሪያል ሶሲዳድ ሲዘዋወር ኖሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ለአርሴናል ተዋሰ። በዚያ ግማሽ ዓመት በፕሪሚየር ሊግ ያስቆጠረው አንድ ጎል ብቻ ነበር። ቁጥር ቆጣሪው “ይመለስ” ማለቱ አይቀርም ነበር። አርሴናል ግን በነሐሴ አስፈረመው፤ በ2022 አምበል አደረገው። ክለቡ የገዛው በየቀኑ ልምምድ ሜዳ ላይ ያየውን ነው፤ ይህ ደግሞ ተዋሽ ክለብ ከሌላ ገዢ ሁሉ የሚበልጥበት ዋና ነጥብ ነው።

ሦስተኛው ሬናቶ ሳንቼዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ዋንጫን ከፖርቱጋል ጋር ካነሳ በኋላ በባየር ሙኒክ ቦታ አጥቶ በ2017 ለስዋንሲ ተዋሰ። አንድም የሊግ ጎል ሳያስቆጥር፣ ሲጎዳና ሲሳሳት ከርሞ ተመለሰ፤ ስዋንሲም በዚያው ዓመት ወረደ። ከዚያ በኋላ ያው ተጫዋች ከሊል ጋር በ2021 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። ሃሪ ኬንም በኖርዊች በተዋሰበት ጊዜ አልቀናውም፣ በሌስተር የተጠባባቂ ወንበር ለምዶ ነበር። መጥፎ የውሰት ዓመት ስለ ልጁ የሚናገረውን ያህል ስለ ተዋሰው ቡድንም ይናገራል።

ፋሲል ከነማ

ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. ተመሠረተ። ቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት በአብዛኛው በክልልና በታችኛው ሊግ ያለፉ ናቸው። በከተማዋ የፕሪሚየር ሊጉ ተወካይ ለጥቂት ዓመታት በቢራ ፋብሪካው የሚደገፈው ዳሽን ቢራ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዳሽን ቢራ ከሊጉ ሲወርድ ፋሲል ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። ዳሽን ቢራ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ፋሲለደስ ስታዲየምና ደጋፊው ሙሉ በሙሉ የአጼዎቹ፣ ማለትም የፋሲል፣ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በደንብ ተጽፏል፤ ለመጻፍም የሚያስደስት ነው። በ2011 ዓ.ም. ፋሲል ሐዋሳ ከተማን በመለያ ምት አሸንፎ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ። በኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በሜዳው 1 ለ 0 ቢረታም በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የሊጉ ቁንጮ ላይ ተቀምጦ ሳለ ኮሮና መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። የዚያን ዓመት ዋንጫ “የእኛ ነበር” የሚል ጎንደሬ ዛሬም አይጠፋም። ሊጉ ገና ብዙ ጨዋታ ይቀሩት ስለነበር ነገሩ አከራካሪ ነው ማለት ይቻላል፤ መሪው ማን እንደነበር ግን አያከራክርም።

2013 ዓ.ም. የክለቡ ታላቅ ዓመት ነው። ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር መመራት ጀምሮ ነበር፤ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ተላለፉ፤ ለ5 ዓመት የተፈረመው የቴሌቪዥን ስምምነት 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተገልጿል። የትግራይ ክለቦች ባልተሳተፉበት ሊግ 13 ቡድኖች ተወዳደሩ። በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉም ቡድን በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ተጫወተ። ፋሲል ከራሱ ሜዳና ደጋፊ ርቆ፣ ሊጉ ሊጠናቀቅ ሳምንታት ሲቀሩት ሻምፒዮን መሆኑን አረጋገጠ። ኢትዮጵያ ቡና ሁለተኛ ሆነ፤ የቡናው አቡበከር ናስር በ29 ጎል የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጎል አስቆጣሪው ቡና ዘንድ ቢሆንም ዋንጫው ጎንደር ገባ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ ፋሲል ሦስተኛው አዲስ ስም ነበር። በቻምፒዮንስ ሊጉ የሱዳኑን አል ሂላል በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በመልሱ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ወደቀ፤ ሳይሸነፍ ወጣ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለይ ቆይቶ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ፣ ፋሲል ሁለተኛ።

ለዚህ ዳሰሳ ዋናው ነገር ያ ቡድን እንዴት ተሠራ የሚለው ነው። ሙጂብ ቃሲም፣ ሽመክት ጉግሳ፣ ሱራፌል ዳኛቸው፣ ማሊያዊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ፣ ሁሉም በሌላ ቦታ በስለው በቋሚ ውል የመጡ ናቸው። የ2013ቱ ዋንጫ የውሰት ውጤት አይደለም፤ ከተስፋ ቡድን ባደጉ ልጆች ላይ የቆመም አይደለም። ክለቡ ተጫዋች መምረጥ ያውቃል፤ ወጣት ማሳደግ ግን የዚያን ያህል አልተፈተነበትም።

ማስፈረም የሚያዋጣው መቼ ነው

የአገራችን ገበያ ከእንግሊዙ በአንድ ነገር በእጅጉ ይለያል፦ ውሎች አጫጭር ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። ፊፋ ለአዋቂ ተጫዋች እስከ 5 ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ እስከ 3 ዓመት ይፈቅዳል፤ እኛ ጋር ይህ ጣሪያ እምብዛም አይነካም። በዚህ የተነሳ የውሰት ስሌት ይገለበጣል። ኤቨርተን ሉካኩን ለማግኘት ከቼልሲ ጋር መደራደር ነበረበት፤ የእኛ ተዋሽ ክለብ ግን ልጁ ውሉን እስኪጨርስ ቢጠብቅ ያለ ዝውውር ክፍያ ሊያገኘው ይችላል። ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከማንም ጋር መነጋገር ስለሚችል ተፎካካሪዎችም ይጠብቃሉ። ስለዚህ በውሰት ደምቆ ለታየ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ጎል አገባ ሳይሆን ከባለቤት ክለቡ ጋር ስንት ጊዜ ቀረው ነው። አንድ ዓመት ከቀረው የመግዛት አማራጭ ያልተጻፈበት ውሰት ልጁን ለሌሎች የማስተዋወቅ ሥራ ነው፤ ወጪው ደግሞ በተዋሹ ላይ ይወድቃል።

ደመወዝም አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የወር ደመወዝ በ50 ሺህ ብር እንዲወሰን ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ እንዳልተከበረ በሰፊው ይነገራል። ያም ሆኖ በከተማ አስተዳደር በጀት ላይ ለተደገፈ ክለብ፣ ባለቤት ክለቡ ግማሽ ደመወዝ የሚከፍልለትን ወጣት ለአንድ ዓመት ማየት በዕድሜ ገፋ ካለ ስመ ጥር አጥቂ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ሜዳ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሊጉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን ወጣቱ የሚታየው በድሬዳዋ ሙቀት፣ በአዳማና በሐዋሳ ሜዳዎች ነው። በከፍታ ላይ፣ በራሱ ደጋፊ ጩኸት ፊት ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ጎንደር ላይ ደጋፊው ገፊ ነው፤ አንዳንድ ልጅ ይበረታበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ እግሩ ይተሳሰርበታል።

ዕድሜም መጣራት አለበት። ወጣት የሚለው ቃል የዋጋው ግማሽ ስለሆነ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የሚመረምረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በመጨረሻም ባለቤት ክለቡ ልጁን ለምን ለቀቀው? ቦታው ላይ ሁለት የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ስላሉ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። አሠልጣኝ ተቀይሮ ከሆነም እንዲሁ። ጉልበቱ በየወሩ የሚያብጥ ሆኖ ከሆነ ግን የሕክምና ወረቀቱን ሳያዩ መፈረም ድፍረት ነው። በአገር ውስጥ ዝውውር የሕክምና ምርመራ ለይስሙላ የሚደረግበት ጊዜ አለ የሚል ቅሬታ ይሰማል።

ከሽያጭ የሚገኝ ድርሻ

ልጁ ባይፈረምም እንኳ ውሰቱ ለተዋሹ ገቢ ሊያመጣ ይችላል። በፊፋ የአብሮነት ክፍያ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በአገሮች መካከል ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፦ ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። በውሰት የተመዘገበበት ጊዜ ለተዋሹ ክለብ ይቆጠራል። በ19 ዓመቱ አንድ ሙሉ ዓመት ፋሲል ቤት የተጫወተ ልጅ በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ወደ ውጭ ቢሸጥ ክለቡ 5 ሺህ ዶላር ይገባዋል፤ ከ16 እስከ 19 ዓመቱ አራት ዓመት ካሳለፈ 20 ሺህ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ይህን የሚያሰላውና የሚያከፋፍለው የፊፋ ክሊሪንግ ሐውስ ሲሆን፣ የሚመለከተው በተጫዋቹ ፓስፖርት፣ ማለትም በየትኛው ክለብ መቼ እንደተመዘገበ በሚያሳየው ሰነድ፣ ላይ የሰፈረውን ምዝገባ ነው። በቃል ስምምነት መጥቶ ፌዴሬሽኑ ዘንድ ሳይመዘገብ የተመለሰ ታዳጊ በዚያ ሰነድ ላይ ስለማይታይ፣ ያሠለጠነው ክለብ ድርሻውን አያገኝም።