ታሪካዊ መልክዓ ምድር ምንድን ነው?

«ቤተ መንግሥት የለው፣ ሐውልት የለው፤ ባዶ ተራራ እንዴት ታሪካዊ ይባላል?» የሚል ሙግት አሁንም አሁንም ይነሳል። ታሪካዊ መልክዓ ምድር ግን ለአንድ ቅርስ የሚሰጥ ማዕረግ አይደለም። የሰው እጅ ለዘመናት የለዋወጠው መሬት፣ ባዶ የሚመስለው ሳይቀር፣ ሙሉውን ነው።

በሰሜን ዌልስ ያለውን የሂራይሶግን ደጋ እንይ። ላይ ላዩን ሲታይ ከአስታ ጋር የሚዛመደው የሄዘር ቁጥቋጦና ረግረግ ብቻ ነው። «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚሉት ይህን ነው። ደኑን ግን በብዛት የመነጠረው ሰው ነው፤ የአየሩ መርጠብም አግዞታል። መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ያደረጉት በጎች ናቸው። ሄዘሩም ግራውስ ለተባለው የአደን ወፍ ሲባል በየተራ እየተቃጠለ ሲታደስ ኖሯል። ባዶነቱ የሥራ ውጤት ነው።

መሬቱ ድሪቶ ነው። በዚያው ደጋ በብሬኒግ ሸለቆ፣ ከግድቡ ሥራ ጋር በተያያዘ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ቁፋሮ የነሐስ ዘመን የመቃብር ጉብታዎችንና እጅግ ዘግይተው የተሠሩ የእረኞች ጎጆዎችን እዚያው ሸለቆ ውስጥ አግኝቷል። በ1976 የተጠናቀቀው ግድብም ራሱ አንድ እራፊ ነው። አንዳንዴ ክሩ አዲስ ሆኖ ስፌቱ ያረጀ ነው፤ የዛሬ የሽቦ አጥር የጥንት ወሰን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የአጥሩን ዕድሜ አይቶ ወሰኑን አዲስ ማለት አይቻልም።

ጎጆዎቹን ሃቮድ ይሏቸዋል። የሚቀረው በሣር የተሸፈነ ዝቅተኛ አራት ማዕዘን የድንጋይ መሠረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጅረት አይርቅም። የከብት እበት አፈሩን ስላዳበረው ዙሪያው ከሄዘሩ ተለይቶ ይለመልማል። በቀትር ፀሐይ ብዙም አይለይም፤ ጥላ በሚረዝምበት ጧት ወይም አመሻሽ መፈለግ ይሻላል። ሃቮድን ለብቻው መዝግቦ መሄድ ግን ግማሹን መተው ነው። ሰዎቹ ሙቀት ሲገባ ከብት ይዘው ይወጡ ነበር፤ ብርድ ሲመጣ ቆላ ወዳለው ሄንድሬ፣ ወደ ዋናው ቤት ይመለሳሉ። መልክዓ ምድሩ ሁለቱንና መንገዱን ይይዛል።

«መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ማንም አይነካውም» የሚለውም ትክክል አይደለም። በ1998 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዌልስ የታሪካዊ መልክዓ ምድር መዝገብ 58 መልክዓ ምድሮችን ይዟል፤ የግንባታ ፈቃድ ሲታይ ግምት ውስጥ ይገባል እንጂ በራሱ ሕጋዊ ጥበቃ አይሰጥም። ጥበቃ ያላቸው ለየብቻ በሕግ የተመዘገቡት ቅርሶች ናቸው።

ካርታ ላይ የቅርስ ነጥብ የሌለበትን ቦታም ባዶ ነው ብሎ መወሰን አይገባም። የበሰበሰ ዕፅ እየተከማቸ የሚሠራው ጥቁር አፈር በጊዜ ብዛት ሜትሮች ያህል ሊወፍርና ግንብ ሊውጥ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዛፍ ለመትከል በጥልቀት ማረስ፣ ማንም ሳያየው ከሥር ያለውን ሊያጠፋው ይችላል።