የዓለም አቀፍ ክሪኬተር የሥራ ዘመን

ክሪኬት የሚጫወት ሰው ብዙ ነው። በሕንድ፣ በፓኪስታን ወይም በባንግላዴሽ ባዶ ሜዳ ባለበት ሁሉ መምቻና ኳስ የያዙ ልጆች አይጠፉም። ዓለም አቀፍ ተጫዋች የሚባለው ግን ለአገሩ የተሰለፈው ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቴስት ግጥሚያውን ሲጫወት ኮፍያ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚያስረክበው የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ ጠዋት፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ጓደኞቹ ከበውት ሲያጨበጭቡ። ከኮፍያው ጋር ቁጥር አለ። ለዚያ አገር በቴስት የተሰለፈ ስንተኛው ሰው እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። አንዴ ብቻ ተሰልፎ ቢቀር እንኳ ቁጥሩ የእሱ ነው። ማንም አይወስድበትም።

ጨዋታው ሦስት ዓይነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ትልቁና ጥንታዊው ቴስት ነው፤ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። የመጀመሪያው በ1877 ሜልበርን ላይ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ተካሄደ። የአንድ ቀን ግጥሚያም በ1971 እዚያው ሜልበርን ተጀመረ፤ ዛሬ ለእያንዳንዱ ቡድን 300 ኳስ ይሰጣል። ትንሹ ቲ20 ነው። ለአንድ ቡድን 120 ኳስ፣ በቃ። ሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል። በ2003 በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ውድድር ተጀምሮ ዓለምን አዳረሰ። ቴስት የሚጫወቱት የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት 12 ሙሉ አባል አገሮች ብቻ ናቸው።

የመቺው ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። 20 ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ወርዋሪ ኳስ ይልክበታል። እሱ በመምቻው ይመልሳል፣ ሮጦ ራን የሚባለውን ነጥብ ያስቆጥራል፣ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል። ኳሷ ቆዳ የለበሰች፣ ድንጋይ የመሰለች፣ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን ናት። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ሲለቃት መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይበቃታል። እንጨቱን ከመታች፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች፣ መቺው ተቃጠለ። እግር ኳስ ተጫዋች ጎል ቢስት ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ዕድል ያገኛል። መቺ ግን አንዴ ከተቃጠለ ቁጭ ብሎ ሌሎች ሲጫወቱ ማየት ነው። በቴስት ሁለተኛው ዙር እስኪደርሰው አንዳንዴ ሁለት ቀን ይጠብቃል።

ይህን ሥራ ከሌላው ስፖርት ሁሉ የሚለየው ይሄ ይመስለኛል። ምርጥ የተባለው መቺ እንኳ አብዛኛውን ቀን ያሰበው ሳይሞላለት ነው ወደ መልበሻ ክፍል የሚመለሰው። ሕንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር በቴስት 329 ጊዜ ለመምታት ወጣ፤ 51 ጊዜ መቶ ራን ደረሰ። ይህ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። በቀሪዎቹ 278 ጊዜያት ግን መቶ አልሞላም።

የሳንቲሟ ነገር

ቴንዱልካር በ1973 ሙምባይ ተወለደ። ልጅ ሳለ ራማካንት አችሬካር የሚባል አሰልጣኝ ነበረው። አሰልጣኙ የልምምዱ ማብቂያ ላይ፣ ልጁ ድክም ሲለው፣ የአንድ ሩፒ ሳንቲም እንጨቱ አናት ላይ ያስቀምጣል። ያቃጠለው ወርዋሪ ሳንቲሟን ይወስዳል። ማንም ካላቃጠለው የልጁ ናት። ቴንዱልካር እንዲህ አድርጎ 13 ሳንቲሞች አጠራቅሟል፤ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም እንደ ብርቅ ነው የያዛቸው። በ1988 በትምህርት ቤቶች ግጥሚያ እሱና ጓደኛው ቪኖድ ካምብሊ ሳይቃጠሉ አብረው 664 ራን ሠሩ። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ካራቺ ላይ ለሕንድ ተሰለፈ።

በዚያው ጉዞ የመጨረሻው ቴስት ሲያልኮት ላይ ነበር። የፓኪስታኑ ፈጣን ወርዋሪ የዋቃር ዩኒስ ኳስ ነጥራ አፍንጫውን መታችው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ውጣ ቢባል እምቢ አለ። ቀጠለ፣ 57 ራን ሠራ።

አብዛኛው ሰው ግን እንዲህ በልጅነቱ አይገባም። በዕድሜ የተከፋፈሉ ቡድኖች አሉ፣ ከዚያ የአገር ውስጥ ሊግ፣ ከዚያ ሁለተኛው ብሔራዊ ቡድን። መራጮች በየደረጃው ያያሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ያልፋሉ። አውስትራሊያዊው ማይክል ሃሲ በአገር ውስጥና በእንግሊዝ ሜዳዎች ከ15,000 በላይ ራን ከሠራ በኋላ ነው በ2005 ቴስት ኮፍያ የደረሰው። 30 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ሌላ ሥራ ይዘዋል።

ገብቶ መቆየት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በ1948 መጀመሪያ አንዲ ጋንቶም የሚባል የትሪኒዳድ ልጅ ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ ለዌስት ኢንዲስ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን፣ ተሰለፈ። አንዴ ብቻ ለመምታት ወጥቶ 112 ራን ሠራ። አዘገመ ተባለ። ከዚያ በኋላ በቴስት አልተጠራም፤ እስከ መጨረሻው። በዚያው ዓመት ኦገስት የአውስትራሊያው ዶን ብራድማን ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ ላይ የመጨረሻ ግጥሚያውን ሊጫወት ወጣ። አማካይ ውጤቱ (የሠራው ራን ሁሉ ለተቃጠለበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል) 100 እንዲሆን የሚያስፈልገው አራት ራን ብቻ ነበር። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆሊስ ሁለተኛዋን ኳስ ወረወረ፤ እንጨቱ ተመታ። ዜሮ። አማካዩ 99.94 ላይ ቆመ፤ እስካሁን ረጅም ጊዜ ከተጫወቱት ማንም አልተጠጋውም። በወረቀት ላይ ግን የጋንቶም አማካይ 112 ነው፤ ከብራድማን ይበልጣል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ስለ ጋንቶም አዝናለሁ። አንድ ሁለት ተጨማሪ ግጥሚያ መስጠት ምን ይጎዳ ነበር?

የወርዋሪው ገላ

ወርዋሪ እንደ መቺ በአንዲት ኳስ አይሰናበትም። የእሱ ጠላት የራሱ ሰውነት ነው። ፈጣን ወርዋሪ ሮጦ መጥቶ የፊት እግሩን መሬት ላይ ሲተክል የሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ጫና ይሸከማል። ይህን በቀን መቶ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። የወገብ አጥንት መሰንጠቅ የወጣት ወርዋሪዎች የተለመደ በሽታ ነው።

ፓት ከሚንስን እንይ። በኖቬምበር 2011፣ በ18 ዓመቱ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ለአውስትራሊያ የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ። ሰባት ሰው አቃጠለ፣ ማሸነፊያዋንም ራን ራሱ መታ። የግጥሚያው ኮከብ ተባለ። ቀጣዩን ቴስት የተጫወተው መቼ ነው? ማርች 2017። መሀል ላይ ያለው ጊዜ ጉዳት፣ ማገገሚያ፣ ደግሞ ጉዳት ነበር። ያን ሁሉ ታግሶ ተመለሰ፣ በ2021 የቴስት ቡድኑ አምበል ሆነ፣ በ2023 የዓለም ዋንጫን አነሳ። እንግሊዛዊው ጄምስ አንደርሰን ደግሞ በ41 ዓመቱ ነው በጁላይ 2024 ከብሔራዊ ቡድን የተሰናበተው፤ በ188 ቴስት 704 ዊኬት ወስዶ፣ ማለትም 704 ጊዜ መቺ አቃጥሎ። ለፈጣን ወርዋሪ ይህ ተአምር ነው።

ኳስም ትገድላለች። በኖቬምበር 2014 ሲድኒ ላይ አውስትራሊያዊው ፊሊፕ ሂዩዝ አንገቱን ተመትቶ ወደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በ25 ዓመቱ አረፈ። በ2019 ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች በሌላ እንዲተካ ሕግ ወጣ። አውስትራሊያዊው ስቲቭ ስሚዝ ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ በእንግሊዛዊው ጆፍራ አርቸር ኳስ ሲመታ የአገሩ ልጅ ማርነስ ላቡሼን ገብቶ በዚህ ሕግ የመጀመሪያው የቴስት ተቀያሪ ሆነ።

የማይታየውም ጉዳት አለ። አንድ ጉዞ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሆቴል፣ ሜዳ፣ አውሮፕላን፣ ሆቴል። እንግሊዛዊው ማርከስ ትሬስኮቲክ በ2006 መጀመሪያ ከሕንድ ጉዞ አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በኋላ ድባቴ እንደያዘው ራሱ በግልጽ ተናገረ፤ በ2008 ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ማውራት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ቤን ስቶክስ በ2021 ለአእምሮ ጤናው ሲል ለወራት ሲያርፍ ነገሩ በተሻለ መረዳት ታየ። በቀጣዩ ዓመት የቴስት ቡድኑን አምበልነት ተረከበ።

ገንዘቡ

ድሮ ለአገር መጫወት ክብር እንጂ እንጀራ አልነበረም። በ1977 አውስትራሊያዊው የቴሌቪዥን ባለሀብት ኬሪ ፓከር የዓለም ምርጦችን በተሻለ ክፍያ አስፈርሞ የራሱን ውድድር ጀመረ። የየአገሩ የክሪኬት ቦርዶች ተቆጡ፤ ክፍያው ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ትልልቅ አገሮች ለተመረጡ ተጫዋቾች ዓመታዊ ኮንትራት ይሰጣሉ። በላዩ ላይ የግጥሚያ ክፍያ አለ።

ሁሉን የገለበጠው በ2008 የተጀመረው የቲ20 ውድድር፣ የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ ነው። ተጫዋቾች በጨረታ ይሸጣሉ። በ2024 መጨረሻ ሪሻብ ፓንት በ270 ሚሊዮን ሩፒ ተገዛ። የሚጫወተው ሁለት ወር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሊግ በየአገሩ ፈላ። የኒውዚላንዱ ትሬንት ቦልት በ2022 ከቤተሰቡ ጋር ለመሆንና በሊጎች ለመጫወት ብሎ የብሔራዊ ቡድን ኮንትራቱን ለቀቀ። አልፈርድበትም። የፈጣን ወርዋሪ ዕድሜ አጭር ነው። ግን በሦስቱም ዓይነት የሚዘልቅ ተጫዋች እየጠፋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተለይ ብዙ መክፈል የማይችሉ አገሮች ልጆቻቸውን ያጣሉ።

ሴቶቹ ረጅም ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነበሩ። ሚታሊ ራጅ በ1999፣ በ16 ዓመቷ፣ በመጀመሪያ ግጥሚያዋ 114 ራን ሠርታ ሳትቃጠል ወጣች። የሕንድ ሴቶች ክሪኬት በዋናው ቦርድ ሥር የገባው ግን በ2006 ነው። እሷ በ2022 ስትሰናበት 23 ዓመት ተጫውታለች። በዚያው ዓመት የሕንድ ቦርድ የግጥሚያ ክፍያን እኩል አደረገ፦ ለቴስት 1.5 ሚሊዮን ሩፒ፣ ለአንድ ቀን ግጥሚያ 600,000፣ ለቲ20 300,000። ዓመታዊ ኮንትራቱ ግን እኩል አይደለም። የአፍጋኒስታን ሴቶች ደግሞ በ2020 ኮንትራት ተሰጥቷቸው በዓመቱ አገራቸው በታሊባን እጅ ገባች። ብዙዎቹ ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ። በጃንዋሪ 2025 ሜልበርን ላይ ተሰባስበው አንድ ግጥሚያ ተጫወቱ። የወንዶቹ ቡድን በሙሉ አባልነት እየተጫወተ እነሱ አገራቸውን መወከል አለመቻላቸው ያንገበግባል።

ስንብት

አንዳንዱ ሲሰናበት የተመኘውን ያገኛል። የስሪላንካው ሙትያ ሙራሊታራን በጁላይ 2010 ጋል ላይ የመጨረሻ ቴስቱን ሲጀምር 800 ዊኬት ለመሙላት ስምንት ይቀረው ነበር። 799 ላይ ቆመና አላልቅ አለ። የቀሩት የሕንድ የመጨረሻ ሁለት መቺዎች ናቸው። በመጨረሻ ፕራግያን ኦጃ ነካት፤ ማሄላ ጃያዋርዴኔ ያዛት። 800። ያቺ በቴስት የወረወራት የመጨረሻ ኳስ ነበረች።

ቴንዱልካር በኖቬምበር 2013 ለ200ኛ ቴስቱ ሲሰለፍ ሜዳው የሙምባዩ ዋንክሄዴ ነበር። እናቱ ሜዳ ተገኝተው ልጃቸውን ሲጫወት ያዩት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። 74 ራን ሠርቶ ተቃጠለ፤ ሕንድ ስላሸነፈች ዳግም አልወጣም። በዓለም አቀፍ ግጥሚያ 100 ጊዜ መቶ የሞላው ሰው ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ ብቻውን ወደ ሜዳው መሀል ሄደ። ጎንበስ ብሎ የሚመታበትን መሬት በእጁ ነካ። ከዚያ እንባውን እየጠረገ ወጣ።