የፊንላንድ ተጠባባቂ ጦር ምንድን ነው?

«ብሔራዊ ውትድርና» የሚለው ቃል በእኛ ሰው ጆሮ ቀድሞ የሚቀሰቅሰው አፈሳን ነው፤ ከ1975 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ወጣቱ ከየመንገዱ እየተለቀመ የሄደበትን ዘመን። ፊንላንድም ወጣቶቿን በሕግ ግዴታ ትጠራለች። የምትጠራቸው ግን አሠልጥና ወደ ቤታቸው ልትመልሳቸው ነው። ተጠባባቂ የሚባለውም ይኸው ሠልጥኖ የተመለሰው ሰው ነው።

ወንድ ልጅ 18 ዓመት በሚሞላው ዓመት ለምርመራና ለምደባ ይጠራል። ሥልጠናው እንደ ምድቡ 165፣ 255 ወይም 347 ቀናት ይፈጃል፤ የበታች ሹምና የተጠባባቂ መኮንን ለሚሆኑት ረጅሙ ይደርሳቸዋል። ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በፈቃዳቸው ይገባሉ። ጠመንጃ አልይዝም ያለ በሲቪል አገልግሎት 347 ቀናት ይሠራል፤ ከተራው ወታደር ከእጥፍ በላይ መሆኑ ቅጣት አይመስልም ማለት ያስቸግራል። ምልምሎቹ ለመሰናበቻቸው የቀራቸውን ጠዋት ይቆጥራሉ። ለቁጥሩ «ዛሬ የቀረ» ከሚለው የፊንላንድ ቋንቋ ሐረግ የወጣ «ቴዪ» የሚል ምሕጻር አላቸው፤ ስንት ቀረህ ቢሉት የማይመልስ ምልምል የለም።

መከላከያው በደመወዝ የሚያሠራው ሰው ሲቪሉን ጨምሮ 12,000 ገደማ ነው። ጦርነት ቢነሳ ግን 5.6 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ይህች አገር 280,000 ሰው ለማሰለፍ ተዘጋጅታለች። ጉድለቱን የሚሞላው ዛሬ አናጺ፣ መምህር ወይም አውቶቡስ ነጂ ሆኖ የሚኖረው ተጠባባቂ ነው። የማደሻ ሥልጠና መጥሪያ ሲደርሰው ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ አሠሪውም በዚህ ምክንያት ሊያሰናብተው አይችልም።

ስዊድን በ2010፣ ጀርመን በ2011 እ.ኤ.አ. ግዴታውን ሲያቆሙ ፊንላንድ አልተከተለቻቸውም። ከሩሲያ ጋር ወደ 1,340 ኪሎ ሜትር ትዋሰናለች፤ ከ1939 እስከ 1940 በተደረገው የክረምት ጦርነት መሬቷን ቆርሳ መስጠቷንም አልረሳችም። ስዊድን በ2017 ግዴታውን ለመመለስ ወሰነች። ፊንላንድ በ2023 ኔቶን ስትቀላቀልም የራሷን ግዴታ አልተወችም።

ተጠባባቂ የሆነው ሰው ብቻ አይደለም። ሄልሲንኪ ውስጥ ኢታኬስኩስ በሚባለው ሰፈር ከመሬት በታች ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ የሕዝብ መዋኛ አለ። ትእዛዝ ከመጣ በ72 ሰዓት ውስጥ የቦምብ መጠለያ መሆን አለበት። እስከዚያው ልጆች ይዋኙበታል።