ብቅል ምንድን ነው? ቤቱ ቢራ ሊጠምቅ ላሰበ ሰው

ጎንደር ውስጥ ብቅልን በስሙ የማያውቅ ሰው የለም። ጥምቀት ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ ጌሾና ብቅል ይሸታል። ግን «ብቅል ምን ይሠራል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው «ጠላውን ያፈላዋል» ይላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ቤቴ ውስጥ ቢራ ልጥመቅ ብዬ ስነሳ ነው መልሱ ሌላ እንደሆነ የገባኝ። የሚያፈላው እርሾ ነው። ብቅል ደግሞ ለእርሾው የሚበላውን የሚያዘጋጅለት ነው።

የገባኝ በኪሳራ ነው። መጀመሪያ ቀን 2 ኪሎ ብቅል ገዛሁ፣ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨሁት፣ ከዚያ ትልቅ ድስት ጥጄ ውሃው ሲንተከተክ ዱቄቱን ጨመርኩና አንድ ሰዓት ቀቀልኩት። ገንፎ ሆነ። ላጥልለው ብል ጨርቁን ደፈነው። ቀመስኩት፣ ምንም ጣፋጭነት የለውም። እርሾ ጨምሬበት ሦስት ቀን ብጠብቅም ኮመጠጠ እንጂ ወደ ቢራ አልሄደም። እናቴ አይታው «ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ። ቀቀልኩት አልኳት።

«ኧረ ልጄ! የሚበስለው እንኩሮው ነው እንጂ ብቅል ይቀቀላል እንዴ? ገድለኸዋል እኮ።»

ገድለኸዋል ያለችው ቃል በቃል እውነት ነው።

ስሙን ተመልከቱት። ብቅል የመጣው በቀለ ከሚለው ቃል ነው። ገብስ ውስጡ በስታርች የተሞላ ነው። ስታርቹ ለሚበቅለው ቡቃያ የተቀመጠ ስንቅ ነው፣ ግን ቡቃያው እንዳለ ሊበላው አይችልም፣ እርሾም አይችልም። ፍሬው ውሃ ሲያገኝ ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮችን ማዘጋጀት ይጀምራል፣ እነሱም ስታርቹን ቆራርጠው ወደ ስኳር ይለውጡታል። እኛ የምናደርገው እህሉን እንዲበቅል መፍቀድና ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ በማድረቅ ማስቆም ነው። ይኼ በግማሽ መንገድ የቆመ እህል ነው ብቅል። ኢንዛይሞቹ አልሞቱም፣ ተኝተዋል። ለብ ካለ በላይ የሆነ ውሃ ሲያገኙ ይነሳሉና የቀረውን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይሩታል።

እዚህ ላይ ነው ጠላና ቢራ መንገዳቸው የሚለያየው። ጠላ ውስጥ ብቅሉ ሳይበስል ገብቶ ጋን ውስጥ በቀናት ቀስ እያለ ይሠራል፣ እርሾውም ስኳሩ እንደወጣ እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። ቢራ ላይ ግን ስኳሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ ለዚያውም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ተጣርቶ እሳት ላይ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ያቺ አንድ ሰዓት ናት ሁሉንም የምትወስነው። ብቅሉና ውሃው አንድ ላይ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ መቆየት አለባቸው። ወደ 63 ዝቅ ካለ ቢራው ቀለል ያለና አልኮሉ ጠንከር ያለ ይሆናል፣ ወደ 70 ከተጠጋ ወፈር ብሎ አልኮሉ ይቀንሳል። ከ80 ካለፈ ግን ኢንዛይሞቹ ይሞታሉ። እኔ የፈላ ውሃ ውስጥ ነበር የከተትኳቸው።

ለዚህ ነው «ዕቃ ምን ልግዛ?» ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ ቴርሞሜትር የምለው። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የሚያብረቀርቅ በርሜል ነው። ተዉት። 10 ሊትር የሚይዝ ድስት ከቤት አይጠፋም። ብቅሉን የሚይዝ ሳሳ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ስፉ። ሙቀቱ እንዳይወርድ ድስቱን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ይበቃል። እርሾው ለሚያፈላበት ጊዜ ለምግብ የሚሆን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ያስፈልጋል፣ ክዳኑን በስታችሁ ቀጭን ጎማ አስገቡና ሌላውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ፈትገው በወይራ የሚያጥኑት ያለ ነገር አይደለም፣ ንጽሕና ነው። ፕላስቲክ አይታጠንም፣ በቀጠነ በረኪና እጠቡትና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ብቅሉ ራሱስ? ጎንደር የብቅል ፋብሪካም የቢራ ፋብሪካም ያላት ከተማ ናት፣ ገብሱም ከዳባትና ከደባርቅ በኩል ይመጣል። እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ በእጃችሁ ብታበቅሉት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብቅልን በደንብ የምታውቁት ያኔ ነው። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ገብስ በፍጹም አትጠቀሙ። ገና ከአውድማ የወጣም ቶሎ አይበቅልም፣ ጥቂት ሳምንታት ማረፍ አለበት። 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡና ስንቱ እንደሚበቅል እዩ፣ ከ95 በላይ ከሆነ ጥሩ ገብስ ነው። ከዚያ ውሃውን እየቀያየራችሁ፣ በመካከል እያጠለላችሁና አየር እያሰጣችሁ አንድ ቀን ተኩል ያህል ንከሩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ እርጥበቱን ጠብቁለት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡት፣ አለዚያ ሥሩ እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ውስጡም ይግላል። የጎንደር አየር ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ብዙ አይሞቅም። በአራት አምስት ቀን ከልጡ ሥር የሚሄደው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሊያክል ሲደርስ አቁሙት። ሻጋታ ካያችሁበት፣ አረንጓዴም ይሁን ጥቁር፣ ሳትሳሱ ጣሉት።

በፀሐይ የደረቀ ብቅል ኢንዛይሙ ደህና ነው፣ ግን የሣር ጣዕም ይቀረዋል። ስለዚህ በፀሐይ በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ ምድጃ ካላችሁ 80 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፣ የብስኩት ሽታ ያመጣል። ቅድም በ80 ይሞታል ብለህ አልነበር እንዳትሉኝ፣ እርጥቡ ነው የሚሞተው፣ የደረቀው ይችለዋል። ከዚያ እሹትና ሥሩን በሰፌድ አበጥሩት፣ መራራ ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ደግሞ እንዲከካ እንጂ እንዲፈጭ አትስጡ። ልጡ ሳይደቅ ከቀረ ራሱ ማጥለያ ይሆናል። የእኔን ጨርቅ የደፈነው ዱቄቱ ነበር።

ለመጀመሪያ 1 ኪሎ ይበቃል። 3 ሊትር ውሃ 73 ዲግሪ አሙቁ፣ ብቅሉ ሲገባ ወደ 67 ይወርዳል። ሸፋፍናችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ከረጢቱን አውጡና በሌላ 3 ሊትር ሙቅ ውሃ አለቅልቁት፣ ሁለቱን ቀላቅላችሁ አፍሉት። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሆፕስ (ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው አበባ) ካገኛችሁ ምሬቱ እንዲወጣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አስረዝሙት። ካላገኛችሁ ጌሾ አለ፣ ጣዕሙ የራሱ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እርሾ ጨምሩ። የዳቦ እርሾም ይሠራል፣ ቶሎ አይጠልም እንጂ። እርሾው ማፍላቱን ሙሉ በሙሉ ሳያቆም ጠርሙስ ውስጥ አትክተቱት፣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ታገሡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ ሰዓት ስታልቅ ብቅሉ ሥራውን መጨረሱን ማወቅ ትችላላችሁ። ከፋርማሲ አዮዲን ግዙ። ከድስቱ አንድ ማንኪያ ጭማቂ ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጉና አንዲት ጠብታ ጣል አድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ አላለቀም፣ ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም እንዳለ ከቀረ ስኳር ሆኗል። የፈተናችሁባትን ጠብታ ድፉና ድስቱን ቅመሱት፤ ስኳር ሳታስገቡበት የማር ውሃ ያህል ይጣፍጣል።