ልጄን የላክሁት ባቄላ ሊቆጥር ነው እንዴ? ስለ ሒሳብ ጨዋታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት የትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁመውኝ፣ «መምህር፣ ልጄን የላክሁት ባቄላ ሊቆጥር ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው በእርግጥም ሳምንቱን ባቄላ ሲቆጥር ነበር የሰነበተው። ያን ጊዜ በችኮላ የሰጠኋቸው መልስ ለራሴም አላረካኝም። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስ፤ ከሌሎች የምሰማውንም አብሬ አነሳለሁ።

«ጨዋታ ከትምህርቱ በኋላ ይደርሳል»

ባቄላው ከሰኞ ገበያ የተገዛ አንድ ጣሳ ነው። ሁለት ልጆች 21 ፍሬ መካከላቸው ያስቀምጣሉ። በየተራ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ያነሳሉ፤ የመጨረሻዋን ፍሬ ያነሳ ያሸንፋል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በዘፈቀደ ይጫወታል። ከዚያ አንዷ፣ «ተራዬ ሲደርስ አራት ፍሬ ከቀረ አበቃልኝ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ አንድ ብታነሳ ባላጋራዋ ሦስት፣ ሁለት ብታነሳ ሁለት፣ ሦስት ብታነሳ አንድ አንስቶ ይጨርሳል። ጥቂት ቆይቶ ስምንትም እንዲሁ ክፉ ቁጥር መሆኑ ይገለጥላቸዋል፤ ቀጥሎ 12፣ 16፣ 20። እንግዲህ ጀማሪው አንድ ፍሬ አንስቶ 20 ካስረከበ፣ ከዚያም ባላጋራው ያነሳውን በየዙሩ አራት እየሞላ ከሄደ፣ ማንም አያሸንፈውም።

ይህን እኔ ሰሌዳ ላይ ብጽፈው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጆቹ ግን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማሰብን፣ መገመትን፣ ግምትን መፈተንን በገዛ እጃቸው አገኙት። ትምህርቱ ራሱ ይህ ነው፤ ከጨዋታው ውጭ የሚጠብቅ ሌላ ትምህርት የለም። ኒም የሚባለውን የዚህን ጨዋታ የቅርብ ዘመድ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርለስ ቡተን እ.ኤ.አ. በ1901 ሙሉ መፍትሔውን ከነማረጋገጫው አሳትሞለታል።

«ጥቂት ጊዜ ከሠራ ሁልጊዜ ይሠራል»

ይህን ስሕተት የምናስተምረው እኛው መምህራን ነን። ሦስት ምሳሌ እንሰጥና «ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው» እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ አስተምሬአለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

መድኃኒቱ አንድ ክብ ነው። ክቡ ዙሪያ ላይ ነጥቦች አድርጉ፤ እያንዳንዱን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኙና ክቡ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ቁጠሩ። በሁለት ነጥብ 2፣ በሦስት 4፣ በአራት 8፣ በአምስት 16 ይሆናል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በስድስት 32!» ይላል። ሲቆጥሩት 31 ነው። ደጋግመው ይቆጥራሉ፤ አንዱ ጓደኛውን ዘለልህ ብሎ ይወቅሳል። እንዲያውም ነጥቦቹን እኩል አራርቆ ያስቀመጠ ልጅ 30 ያገኛል፤ ሦስት መስመሮች መካከል ላይ ስለሚገናኙ አንዲት ክፍል ትጠፋበታለች። 32 ግን ማንም አያገኝም። ከዚያ ቀን በኋላ «ሁልጊዜ ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው።

«የጎበዞች ነገር ነው»

አይደለም። ባቄላ ለመቁጠር የቀደመ ውጤት አይጠየቅም። ፈተና ላይ ዝም የሚሉ ልጆች እዚህ ሲናገሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

«ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል አይሆንም»

የተማሪ ብዛት አንዳንዴ ይጠቅማል። በበዓል ማግስት 60 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር ቢጨባበጡ ስንት ሰላምታ ይሆናል? እየተጨባበጡ መቁጠር አይሞከርም፤ ስለዚህ ማሰብ ግድ ነው። እያንዳንዱ 59 ሰው ይጨብጣል፤ አንዱ ሰላምታ ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ ግማሹ ይወሰዳል፤ 1,770። ከጠመኔ በቀር የሚያስፈልግ ዕቃ የለም።

«መፍትሔ ካልተገኘ ክፍለ ጊዜው ባከነ»

ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው የሩሲያ ከተማ፣ በጥንቷ ኮኒግስበርግ፣ ወንዝ የለያቸውን አራት መሬቶች ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸው ነበር። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገሩ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቦርከናን እያዩ ያደጉ ልጆች ወንዝና ድልድይ ለመሳል አይቸገሩም። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሊሆንም አይችልም፤ የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1735 እንደማይቻል አረጋግጧል። መንገዱ ከሚነሳበትና ከሚያበቃበት መሬት በቀር፣ የገቡበትን ሁሉ በሌላ ድልድይ መውጣት ስላለባቸው የእያንዳንዱ መሬት ድልድዮች ቁጥር ለሁለት መካፈል አለበት። እዚያ ግን የአንዱ አምስት፣ የሦስቱ ሦስት ሦስት ነው፤ አራቱም ጎዶሎ ናቸው።

«አይቻልም» ማለት እዚህ ላይ ሙሉ መልስ ነው። እኔ እዚያ ልጨርስ ስል አንድ ልጅ «አንዱ ድልድይ ቢፈርስስ?» አለ። ይህን ጥያቄ አላዘጋጀሁትም ነበር። ሰባቱን አንድ በአንድ እያፈረሱ ሞከሩ፤ የትኛውም ይፍረስ፣ መንገዱ ይገኛል። በማግስቱ ሁለት ልጆች ምክንያቱን ደብተራቸው ላይ ጽፈው መጡ፦ አንድ ድልድይ ሲፈርስ ከሁለት መሬቶች ላይ አንድ አንድ ይቀነሳል፤ ጎዶሎ ሆነው የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ መነሻ፣ ሌላው መድረሻ።